የሚያጨስ ኮሮላ ስንት ያወጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተነዳ ቶዮታ ዲኤክስ ዛሬም ገዢ አያጣም። ዋጋውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ እንግዳ ደላላው የቀለደበት ይመስለዋል። ደላላው ግን የገበያውን እውነት ነው የሚናገረው።

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ከውጭ ምንዛሪው ጎን ለጎን የአየር ብክለትም እንደ ምክንያት ተነስቷል። ክልከላው ግን ገና ያልገባውን እንጂ ቀድሞ የገባውን አይነካም። ተተኪ ሲጠፋ አሮጌው ይወደዳል። ሲወደድ ደግሞ ባለቤቱ አራግፎ ለመለዋወጫ ከመሸጥ ይልቅ ቀለም ቀብቶ ያወጣዋል። ጭስ ይቀንሳል የተባለው ውሳኔ የሚያጨሰውን መኪና ዕድሜ አራዘመለት።

ገዢው የሚቆመው እዚህ መሀል ነው። ብዙ ጊዜ ዕቁብ የደረሰው፣ ከዘመድ ብድር የጨመረበት፣ የታክሲ ሰልፍ የመረረው ደመወዝተኛ ነው። ስለ ጭሱ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «አሮጌ መኪና ሁሉ ያጨሳል!» ይህቺ አባባል የስንቱን ኪስ አራቁታለች።

ጭስ ዓይነት አለው። ጥቁሩ ነዳጅ በትክክል አለመቃጠሉን ይናገራል። የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ ወይም የነዳጅ መስመር ሊሆን ይችላል፤ በመጠነኛ ወጪ የሚስተካከልበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤንዚን በሊትር ከመቶ ብር ባለፈበት ዘመን ግን ጥቁር ጭስ በማርሚታ የሚወጣ ብር መሆኑ አይረሳ። ነጩ ጠዋት ታይቶ ከጠፋ እንፋሎት ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልተወ ውሃ እየገባ ነው፤ ቴስታታው ይጠርጠር። ሰማያዊው ከሁሉም የከፋ ነው። ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻው ካለቀ ሞተሩ ወርዶ መሠራት አለበት። ሰማያዊ የሚያጨስ መኪና ሻጩ ምንም ያህል ቢቀንስ አይገዛ።

ሻጭ ይህን ያውቃል። ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱን ለጥቂት ቀናት ማስታገስ፣ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን ማሞቅ የቆዩ ዘዴዎች ናቸው። ስለዚህ መኪና በጠዋት፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ነው የሚታየው። ገዢው ሲደርስ ኮፈኑን ይዳስስ። ከሞቀ ሌላ ቀን ይመለስ።

ሌላው ጉዳይ ካታላይተር ነው። በውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ተነቅሎ ይሸጣል፤ ቦታው ላይ ተራ ቱቦ ይበየዳል። መኪናው መሄዱን አያቆምም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ሳይጣራ ይወጣል። ገዢው «በኋላ አስገጥማለሁ» ካለ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ የተገጠመ አዲስ ካታላይተር ብዙ ሳይቆይ ይደፈናል።

ቦሎው አዲስ ነው ብሎ መጽናናትም አያዋጣም። ቦሎ የሚናገረው መኪናው በአንድ ቀን የተደረገለትን ምርመራ ማለፉን ብቻ ነው። ለዚያች ቀን ጎማ ተውሶ የሚቀርብ ባለበት ከተማ፣ ገዢ በራሱ መካኒክ ዓይን ቢተማመን ይሻለዋል። ሻጩ ያመጣው መካኒክ አይቆጠርም።

የኤሌክትሪኩን ይግዛ የሚል አይጠፋም። በ2014 ዓ.ም የተሰጠው የታክስ እፎይታ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን የዲኤክስ ዋጋ በብድር የሚሞላ ሰው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከየት ያመጣል? እፎይታው የጠቀመው ድሮም አዲስ መግዛት የሚችለውን ነው። አሮጌ መኪናውን ለቁርጥራጭ አስረክቦ ሊብሬውን ለሚመልስ ሰው የተለየ ቅናሽ ቢደረግ ኖሮ፣ ሰማያዊ የሚያጨሰው ኮሮላ ዛሬ ሦስተኛና አራተኛ ገዢ ባልፈለገ ነበር። አሁን ባለው አሠራር ሻጩ ጭሱን ለገዢ ያስተላልፋል፤ ገዢው ደግሞ ለሎተሪ አዟሪው፣ ለትራፊክ ፖሊሱና ታክሲ ለሚጠብቀው ተሰላፊ። እነሱ መኪናው ሲገዛ ማንም አላማከራቸውም።