ቃሩንን የተመኙት የት ደረሱ?

ልጃችን ሥራ ሲመርጥ «ስንት ይከፍላል?» እንላለን፤ «ሐላል ነውን?» ማለቱን ግን እንዘነጋለን። ደስታ በሀብት ቢገኝ ኖሮ የቃሩን ፍጻሜ ባማረ! ሱረቱል ቀሰስ እንደሚነግረን የግምጃ ቤቶቹ ቁልፎች ለብርቱ ሰዎች ስብስብ እንኳ ይከብዱ ነበር። አጊጦ ሲወጣ ዱንያ ፈላጊዎች ዕድሉን ተመኙ፤ ዕውቀት የተሰጣቸው ግን ገሠጿቸው። ምድር ከነቤቱ ስትውጠው፣ ትናንት የተመኙት ራሳቸው የአላህ ችሮታ እንዳተረፋቸው መሰከሩ።

«ታዲያ ድህነትን እንምረጥ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም! ቃሩን ከዱንያም ድርሻውን እንዳይረሳ ተመክሮ ነበር። ያጠፋው ሀብቱ ሳይሆን፣ በዕውቀቴ ያገኘሁት ነው ማለቱ ነው።

ወላጅ ሆይ! ለልጅህ ሕይወት ስትመርጥ ከተመኙት ነህ ወይስ ከገሠጹት? ሰጪውን የሚያስረሳ ሲሳይ ደስታ አይደለም፤ ፈተና ነው። አላህ ልቦናችንን ያቅናልን። አሚን።