ክሬም ወይስ ቡና በወተት?
አቀስታን በመሰለ ብርዳም የወሎ ደጋ ቤትዎን ሊያስቀቡ አስበው በክሬምና በቡና በወተት መልክ መካከል ቢያመነቱ አያስደንቅም፤ ሁለቱም ሞቅ ያሉ ቀለሞች ናቸውና። ነገር ግን በክረምት ጉሙ ሲወርድ፥ ባለ አንድ መስኮት ክፍል በቡና በወተት ከተቀባ ልጆች በቀትር እንኳ ያለ መብራት ማንበብ ይቸግራቸዋል። ለእንዲህ ያለው ክፍል ክሬሙን ይምረጡ፤ ብርሃኑን መልሶ ይረጫል። በጣሳው ላይ የሚታየውን መልክ ግን አይመኑ (ሻጩ ቢምልም!)። ከሁለቱም ጥቂት ገዝተው ግድግዳው ላይ ክንድ በክንድ ያህል ይቀቡና፥ ከደረቀ በኋላ ጧትም ማታም ይዩት፤ ክሬሙ በቢጫ አምፑል ሥር ቅቤ ሊመስል ይችላል። አዲስ የጭቃ ልስን ከሆነ እስኪደርቅ ይታገሡ፤ አለዚያ ቀለሙ ይላላጣል። ቡና በወተቱንም አይናቁት፤ ከወለል እስከ ወገብ፥ የሕፃናት እጅ የሚደርስበትን ይቀቡበት፤ እድፍ ይችላል።