ምራቅም የጤና ጉዳይ ነው

በጅማ መንገድ ላይ በምትገኘው ሰኮሩ፣ የታሸገ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ከየሱቁ ደጃፍ አይጠፋም። የእነዚህ ምግቦች ጉዳት ግን ጥርስን በማበስበስና ውፍረትን በማምጣት ብቻ ላያበቃ ይችላል፤ ምራቅ አመንጪ ዕጢዎችንም ሊነካ ይችላል።

ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ምራቅ ያመነጫል። ይህ ፈሳሽ አሲድን ያረግባል፣ በካልሲየምና በፎስፌት ጥርስን ይጠግናል፣ ጀርሞችን ይከላከላል። ምራቅ ሲያንስ አፍ ይደርቃል፣ ጥርስም ቶሎ ይበሰብሳል። በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ቅባት የበዛበት ምግብ በዕጢዎቹ ውስጥ ስብ ያከማቻል፣ መቆጣትንም ያስነሳል። ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የተባለው ማጣፈጫ በብዛት ሲሰጥም የዕጢዎቹን ህብረ ሕዋስ ጎድቷል። ለአይጦቹ የተሰጠው መጠን ሰው በወጡ ውስጥ ከሚያገኘው እጅግ ስለሚበልጥ ድንጋጤ አያሻም። የስኳሩ ነገር ግን አያከራክርም፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከስኳር የምናገኘው ጉልበት ከዕለታዊ ጉልበታችን ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል።

የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በስኳርና በለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ መጣሉ ተገቢ ነበር። ታክስ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በትምህርት ቤቶች አካባቢ የሚሸጠው ምግብ ይፈተሽ። ጤና ጣቢያዎችም አፋቸው ሊደርቅ የሚችል የስኳር በሽታና የደም ግፊት ታካሚዎችን ሲያዩ «አፍዎ ይደርቃል?» ብለው ይጠይቁ።