አስቀድሞ የውሃው መንገድ ይፈለግ

መርከብ በባሕር ላይ የሚኖር ስለ ሆነ ጠላቱ ከበታቹ ያለው ባሕር ነው ማለት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜ የጠገበች የሸራ ጀልባን ውስጧን ገልጦ የመረመረ አናጢ እንደሚያውቀው፣ እንጨቷን ይበልጥ የሚያበሰብሰው ከላይ በቀስታ የሚወርደው ዝናም ነው። እንጨትን የሚበላውን ፈንገስ ጨው ሲያዳክመው የዝናም ውሃ ግን ያለመልመዋልና፣ በ19ኛው ምእት ዓመት የነበሩ የአሜሪካ መርከብ ሠሪዎች በመርከቡ የጎን አጥንቶች መካከል ጨው ይሞሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ሰንደቅ የተውለበለበባት ቪክቶሪ የተባለችው መርከብም፣ ከ1922 ጀምሮ በፖርትስመዝ ደረቅ ወደብ ውስጥ ማዕበል ሳይነካት ቆማ ሳለ ሳንቃዎቿ በእርጥበት ስለ ተበሉ፣ በ2022 ብዙ ዓመታት የሚፈጅ ታላቅ እድሳት ተጀመረላት።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር በብዛት የተሠሩት የሸራ ጀልባዎች ገላቸው ፋይበርግላስ በመሆኑ፣ የውስጣቸው እንጨት ለጌጥ ብቻ የተደረገ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ አይደለም። የጀልባዋን ምሰሶ ከግራና ከቀኝ ወጥረው የሚይዙት የብረት ገመዶች የሚታሰሩት፣ የላይኛውን ወለል አልፈው ወደ ውስጥ በሚገቡና ከኮምፔንሳቶ በተሠራው የውስጥ ግድግዳ ላይ በብሎን በተጠበቁ ጠፍጣፋ ብረቶች ላይ ነው። ነፋስ ሸራውን በወጠረው ቁጥር ብረቱ በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል፤ በዙሪያው ያለው ማሸጊያ ከዓመታት በኋላ ይላቀቃል፤ ዝናሙም ብረቱን ተከትሎ ወርዶ በብሎኖቹ ቀዳዳ ወደ ኮምፔንሳቶው ድርብርብ ይሰርጋል። መጀመሪያ የሚታየው ከብሎኖቹ በታች ግድግዳውን በሸፈነው የቲክ እንጨት ልባስ ላይ የሚወጣ ጥቁር እድፍ ነው፤ በዚያ ቦታ መሮ ቢያስጠጉበት ያለ መዶሻ ይገባል። አይዝግም የተባለው ብረት ራሱ፣ አየር በማያገኝበት እርጥብ እንጨት ውስጥ ተቀብሮ ሲኖር ከማይታየው ወገኑ ይበላል።

እንግዲህ እኔ የምቃወመው፣ ይህን ግድግዳ በስቱኮ ደፍኖና አዲስ ልባስ ለጥፎ ቫርኒሽ መቀባትን፣ ይልቁንም ለገዢ አሳምሮ ለማቅረብ ሲባል የሚደረገውን ነው፤ ምሰሶው የሚደገፍበትን ነገር ሸፍኖ መሸጥ የሌላውን ሰው ነፍስ ለአደጋ መስጠት ነውና። በበሰበሰው እንጨት ውስጥ ቀጭን የኢፖክሲ ሙጫ አፍስሶ ማጠንከርም ለመሳቢያ ክዳን ይበቃ ይሆናል፤ ሸክም ለሚሸከም ግድግዳ ግን አይበቃም።

የእድሳቱ ሥርዓት መጀመር ያለበት ከመጋዝ ሳይሆን ከውሃው ነው። በደረቅ ቀን አንድ ሰው በጎማ ከታች ወደ ላይ እያንዳንዱን ስፍራ በየተራ ሲያጠጣ፣ ሌላው በውስጥ ሆኖ ባትሪ እያበራ ጠብታው የሚገባበትን ይጠብቃል፤ ያ ቀዳዳ ሳይገኝና ሳይታሸግ የሚገባ አዲስ እንጨት ለሚቀጥለው ብስባሴ የተዘጋጀ ቀለብ ነው። ከዚያ በኋላ የታመመው ሁሉ ጤነኛው እንጨት እስኪደረስ ድረስ ይቆረጣል፤ የጀልባዋ ጎን ጠማማ ስለ ሆነ ልኩ አስቀድሞ በካርቶን ይወጣል፤ ኮምፔንሳቶውም ቢ.ኤስ. 1088 በተባለው የእንግሊዝ ደረጃ ለባሕር የተሠራ ይሁን። ኖኅ መርከቡን በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቅ መታዘዙን እናውቃለን፤ ዛሬም የኮምፔንሳቶው ጠርዝ ሁሉና እያንዳንዱ የብሎን ቀዳዳ፣ ዓይን የማያየው ሳይቀር፣ በኢፖክሲ ሊታተም ይገባል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ አብልጬ እሻለሁ። የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ብረቶቹን ከመደርደሪያና ከቁም ሣጥን ጀርባ ስለ ቀበሯቸው፣ ባለቤቱ ቢተጋም ሊያያቸው አልቻለም፤ ስለዚህ አዲሱ መሸፈኛ በሙጫ ሳይጣበቅ በቪቴ ይታሰር፣ በየዓመቱ ከዝናሙ ወራት በኋላም በካቻቪቴ ተፈትቶ ብሎኖቹ ይታዩ።