ከፋይሉ ዓይነት ይልቅ የድምፁ ምንጭ

የቆዩ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ሙዚቃ የሚሰበስቡም ሆኑ የሚያጠኑ ሰዎች ጥራቱ ያልተቀነሰ ቅጂ ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ «ፍላክ» የተሰኘውን የፋይል ዓይነት እንደ ማረጋገጫ ይቀበላሉ። ፍላክ ድምፅን ሲጨምቅ በእርግጥ ምንም አይጥልም፤ የሚጠብቀው ግን የተሰጠውን ብቻ ነው። ከኤም ፒ 3 ወደ ፍላክ የተለወጠ ዜማ ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ ቀድሞ የተጣለው አይመለስለትም።

ይህ ስሕተት በቀላሉ ይታረማል። የሚከብደው ከብዙዎቹ ጨዋታዎች በስተጀርባ የተቀዳ ሙዚቃ ጭራሽ አለመኖሩ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በጃፓን ለገበያ የቀረበው ሱፐር ፋሚኮም ለድምፅ የነበረው የማስታወሻ አቅም 64 ኪሎባይት ነበር። መሣሪያው በሚያወጣው የ32 ኪሎኸርዝ ድምፅ ልክ ቢሰላ፣ ይህ ስፍራ ያልተጨመቀ ድምፅ የሚይዘው ለአንድ ሴኮንድ ያህል ነው፤ ያውም በአንድ ቻነል። ስለዚህ በ1994 «ዶንኪ ኮንግ ካንትሪ»ን ካጀቡት አንዱ የሆነው ዴቪድ ዋይዝን የመሰሉ አቀናባሪዎች በጨዋታው ካሴት ውስጥ ያኖሩት አጫጭር የድምፅ ናሙናዎችንና የአጨዋወት ትእዛዞችን ነበር። ዜማውን በ8 ድምፆች እየገጣጠመ የሚጫወተው ቺፑ ራሱ ነው። ናሙናዎቹም ቢሆኑ ገና ከመነሻቸው ጥራታቸው ተቀንሶ የተጨመቁ ናቸው፤ ጉድለቱ የሥራው አካል ነው ማለት ነው።

በሲዲ የሚሸጠው አልበም ታዲያ ምንድን ነው? የአንድ አፈጻጸም ቅጂ ነው። በጨዋታው ውስጥ ያለማቋረጥ የሚዞረው ዜማ በአልበም ላይ አንድ ሁለቴ ከዞረ በኋላ እየደበዘዘ ያልቃል፤ አንዳንዴም በስቱዲዮ ተስተካክሏል። ከዚህ ይልቅ የድምፅ ማስታወሻውን ይዘት እንዳለ የሚገለብጠው የኤስ ፒ ሲ ፋይል፣ ቺፑን በታማኝነት ከሚያስመስል ሶፍትዌር ጋር፣ ለምንጩ ይቀርባል። በአንጻሩ በ1996 የወጣው «ኩዌክ» ሙዚቃው እንደማንኛውም የሙዚቃ ሲዲ በዲስኩ ላይ ተቀድቶ ስለነበር፣ በጥንቃቄ የተገለበጠ ፍላክ ለእርሱ በቂ ነው።

አስመሳይ ሶፍትዌር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። መልሱ ግን ወደ አልበሙ መመለስ ሳይሆን የሶፍትዌሩን ስምና ዕትም መመዝገብ ነው። በስቱዲዮ የተስተካከለን አልበም ለክቶ ውጤቱን የቺፑ ባሕርይ አድርጎ የሚያቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ መለኪያው የቱንም ያህል ረቂቅ ቢሆን የሚናገረው ስለ ስቱዲዮው ነው። የቤተ መዛግብት ካታሎግም «ፍላክ» ብሎ ከማለፉ በፊት ድምፁ ከየትኛው መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር እንደተወሰደና ዜማው ስንት ጊዜ ዞሮ እንደተቆረጠ ሊያሰፍር ይገባል፤ መሣሪያዎቹ እያረጁ ስለሆነ ይህን በኋላ መርምሮ ማወቅ አዳጋች ይሆናል።