«ጥናት ያስፈልጋል» ለምትሉን

በአገራችን ስለ አእምሮ ሕመም በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ዜማ አለ። «ጥናት ያስፈልጋል» ይባላል። ባለሥልጣኑ ይለዋል፤ ምሁሩ ይለዋል፤ በዓውደ ጥናት መዝጊያ ላይ ሻይ እየተጠጣ ይባላል። ባዮቹ ሁሉ አንድ ነገር ይዘነጋሉ፤ ወይም አውቀው ይተዋሉ። ጥናቱ ተጠንቷል። የተጠናውም ለንደን ወይም ፓሪስ ሳይሆን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን የታተመውን ማንበብ ሐኪም መሆንን አይጠይቅም። የጥናቶቹን ዘመን እንደ ታተሙበት በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1998 የአገራችን የአእምሮ ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በቡታጅራ ቤት ለቤት ፍለጋ ጀመሩ። 68,378 አዋቂዎች ተጠየቁ። ከእነዚህ ውስጥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ተለይተው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ስኪዞፍሬኒያ ከያዛቸው መካከል ቀድሞ ዘመናዊ ሕክምና ያገኙት ከ10 ሰው አንዱን እንኳ አይሞሉም ነበር። ከ10 ዓመት ክትትል በኋላ የወጣው ውጤት ደግሞ ልብ ይሰብራል። የአእምሮ ሕሙማኑ የመሞት ዕድል ከሌላው ሰው እጥፍ ያህል ነበር፤ የሞቱትም በዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ነው የሄዱት። እብደት አይገድልም ያለው ማነው?

ከዚህ ይልቅ እኔን ያናደደኝ ሌላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1960ዎቹ መጨረሻ በጀመራቸው ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ «ስኪዞፍሬኒያ በድሀ አገር ይሻላል፤ ዘመድ አዝማድ አለ፤ ማኅበረሰቡ ያቅፋል» የሚል እምነት ተስፋፋ። የእኛም ሰዎች ወደዱት። የሚያኮራ ነገር ነዋ! ምንም ሳይደረግ የሚድን በሽታ ለመንግሥት በጀትም ይመቻል። ቡታጅራ ግን ሌላ ነገር ተናገረች። በ2009 በታተመው የክትትል ውጤት ሲሶ ያህሉ ሕሙማን ሕመሙ ሳይለቃቸው ነው የቆዩት፤ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ደህና ሆነው የከረሙት ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ ናቸው። ዘመድ አዝማድማ ነበር። መድኃኒት ነው ያልነበረው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ሩቅ የሚታይ ተአምር አይደለም። ክሎርፕሮማዚን ለአእምሮ ሕመም መዋል የጀመረው በ1952 ፓሪስ ውስጥ ነው። እርሱና ሃሎፔሪዶል የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። አዳዲሶቹ በብዙ እጥፍ ውድ ናቸው፤ ሆኖም በ2005 በአሜሪካ 1,400 በሚበልጡ ሕሙማን ላይ የተደረገው ትልቅ ሙከራ እንዳሳየው አብዛኞቹ አዳዲስ መድኃኒቶች ለውድድር ከቀረበው አሮጌ መድኃኒት ይህን ያህል ብልጫ አልነበራቸውም። በሙከራው ወቅት አብዛኛው ሕመምተኛ፣ አሮጌውንም ይውሰድ አዲሱን፣ 18 ወር ሳይሞላ የጀመረውን ትቶታል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «የትኛው እንክብል?» የሚለው አይደለም። ማን ይሰጣል? በየወሩ ይገኛል ወይ? ሲቋረጥ ማን ይጠይቃል?

ይህም ተመልሷል። በዚያው በቡታጅራ አካባቢ 329 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን እንደ ቀድሞው በአእምሮ ሕክምና ነርስ ሲታከም ሁለተኛው አጭር ሥልጠና በወሰዱ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ታከመ። ከዓመት በኋላ ሲታይ የጤና ጣቢያው ሕክምና ከነርሱ ሕክምና አላነሰም። ውጤቱ በ2022 ታትሟል። በዚያው ዓመት የታተመው የሶዶ ወረዳ ሙከራ ደግሞ 166 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን ያቀፈ ነበር። የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ቤት ለቤት እየሄዱ ሕመምተኛውንና ቤተሰቡን ሲደግፉ፣ በጤና ጣቢያ ብቻ ከሚታከሙት ይልቅ የተጎበኙት ወደ ሥራቸውና ወደ ሰው ኑሮ መመለስ ቻሉ። ቀደም ብሎም እዚያው ሶዶ ውስጥ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ፣ በዓመቱ ውስጥ የታሰሩ ሕሙማን ቁጥር ከመቶ 25 ገደማ ወደ 11 ገደማ ወርዷል። የታሰሩ ስል በፖሊስ አይደለም። በገመድ፣ በሰንሰለት፣ በገዛ ወገን እጅ ነው።

እንግዲህ ፊታችንን ወደ ሰሜን እናዙር። ከአዲስ አበባ በዚሁ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን አለች፤ ሆስፒታሏም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ጣርማ በር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጉም፣ ጣሊያን የቦረቦረው ዋሻ። ዋሻውን አልፎ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ከፍታው 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። የደሴን መንገድ የተመላለሰ ሰው ከቆላው ሽቅብ የሚመጣውን አውቶቡስ ያውቀዋል፤ በአባትና በአጎት መካከል እጁን በገመድ ታስሮ የተቀመጠ ወጣት ይኖርበታል። ወንበር የሚቀይር ተሳፋሪ አለ፤ ከንፈር የሚመጥም አለ። በሬ ተሽጦ ነው የተመጣው። ሆስፒታሉ የአንድ ወር መድኃኒት ይሰጣል። በሁለተኛው ወር የሚሸጠው በሬ ከየት ይመጣል?

«አገሪቱ ድሀ ናት፤ ቆላው ወባ አለበት፤ መጀመሪያ ወባን» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ወባ ይገድላል፤ አልክድም። ነገር ግን ለወባ መድኃኒት የሚያድለው ጤና ጣቢያ ሃሎፔሪዶልንም ለማደል ሌላ ሕንፃ አያሻውም፤ የቡታጅራው ሙከራ ያስረዳውም ይህንኑ ነው። ደግሞም አሳቡ ለመንግሥት እንግዳ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የአእምሮ ሕክምና በመደበኛው ጤና አገልግሎት ውስጥ ይገባል ያለበትን ብሔራዊ ስትራቴጂ በ2012 አውጥቷል፤ በ2020 ደግሞ ሌላ ተከትሏል። ስትራቴጂ አላጣንም። በየወሩ መጨረሻ መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ክሎርፕሮማዚን ነው የቸገረን።

መደርደሪያው ቢሞላስ? እዚህ ላይ ቡታጅራ ከፈረንጅ መጻሕፍት የማይገኝ ትምህርት ሰጥታናለች። ሕሙማኑ መድኃኒታቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ሲጠየቁ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ረሃብ ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። አንዲት እናት ለልጇ እንክብሉን ስትሰጠው ሊደርስላት የማትችለውን ረሃብ አብራ ትሰጠዋለች። ይህን ያነበበ ባለሥልጣን ሕመምተኛው «መድኃኒት አይወስድም፤ ግትር ነው» ሲባል ዝም ብሎ የሚሰማ ከሆነ ምን ይባላል? በሴፍቲኔት መዝገብ ላይ የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ ያለበትን ቤት ለማስቀደም ስንት ዓውደ ጥናት ይበቃል?

ሌላው ወገን ደግሞ «ሕዝቡ ራሱ ጠበል ነው የሚሄድ፤ ሼሁ ዘንድ ነው የሚሄድ» ይላል። ይሄዳል፤ ይፋት የእስላሙም የክርስቲያኑም አገር ነው፤ ሁለቱም ወደሚያምንበት ይሄዳል። ጠበሉና መድኃኒቱ የግድ ይጣላሉ ያለው ግን ማነው? ጋናና ናይጄሪያ ውስጥ 307 ሕሙማንን ይዞ በ2020 የታተመው ሙከራ የባህልና የእምነት ፈዋሾች ከጤና ሠራተኞች ጋር ተባብረው ሲሠሩ ሕሙማኑ ይበልጥ እንደሚሻላቸው አሳይቷል። ጤና ሠራተኛው ወደ ጠበሉ ቦታ ይሂድ እንጂ ሕመምተኛው ከጠበሉ ይጎተት አልተባለም።

አንድ የሕሊና ጉዳይ ይቀራል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ መግለጫው፣ በሙከራ የተሳተፈ ሰው ጠቃሚነቱ የተረጋገጠውን ሕክምና ከሙከራው በኋላም የሚያገኝበት መንገድ አስቀድሞ ይታሰብ ይላል። መልካም። የሶዶ ገበሬ ገላውንና ታሪኩን ለጥናት ሲሰጥ ግን ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ እንዲቀመጥ ብቻ አልነበረም። ለእርሱ የሠራው ለይፋት ገበሬም ይሠራል ተብሎ ነው የተጠናው።

ጥናት ጨርሶ አይደረግ ማለቴ አይደለም። የሚጠና አለ፤ እዚሁ ቆላ። ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዘው ተለቀዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። ጦርነት ባለፈባቸው አገሮች ከ5 ሰው አንዱ የአእምሮ ችግር እንደሚገጥመው የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ገምቷል። ታዲያ መንገድ በተዘጋ ጊዜ በየወሩ መድኃኒት የሚወስዱት ምን ሆኑ? ስንቱ አገረሸበት? ስንቱ ተመልሶ ታሰረ? ይህን ለማወቅ ዕጣ መጣል አያስፈልግም፤ የውጭ ገንዘብም መጠበቅ አያስፈልግም። የየጤና ጣቢያውን መዝገብ ከፍቶ በየትኛው ወር የማን ስም እንደ ቀረ መቁጠርና ወደ ቤቱ መሄድ ነው።