አሮጌው የጽሕፈት መኪናና የፊደላችን አደራ

ዛሬ ጭሮ በምንላት በአሰበ ተፈሪም ሆነ በሂርና ወይም በገለምሶ፣ የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሚኖርበት ቤት በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ሪባኑ ደርቋል፤ ቁልፎቹም አቧራ ለብሰዋል፤ ነገር ግን የቤቱ ጌታ አውጥቶ ሊጥለው አይጨክንም። ይህ ፍቅር ከምን እንደ መጣ፣ ለልጆቻችንም ምን ትምህርት እንዳለው በዛሬው ዓምዳችን ጥቂት እንነጋገር።

በእጅ የሚመታውን መኪና ያወቀ ሰው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ድምፁን ነው። ጣት ቁልፉን ሲመታ የብረቱ ክንድ ተነሥቶ ሪባኑን በወረቀቱ ላይ ይመታል፤ መሥመሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ትንሽ ደወል ትጮኻለች፤ ጸሐፊውም በግራ እጁ ዘንጉን ገፍቶ አዲስ መሥመር ይጀምራል። ሁለት ቅጂ ያስፈለገ እንደ ሆነ በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን ይገባል፤ ቀለሙ እስከ መጨረሻው ወረቀት እንዲደርስም ጣት በኀይል መምታት አለበት። እንግዲህ በዚህ መሣሪያ የሚጻፍ ጽሑፍ የክንድ ድካም ያለበት ሥራ ነበር።

ከድካሙም ይልቅ የሚከብደው ጥንቃቄው ነው። በዋናው ላይ የተሳሳተ ፊደል በካርቦኑ ቅጂ ሁሉ ላይ ይሳሳታልና፤ ፍቆ ማረም ወረቀት ያቆስላል፤ ገጹን እንደገና መጀመርም ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ስለዚህ ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሩን በልቡ ሳይጨርስ ጣቱን አያነሣም ነበር። ይህ ልማድ ከቁም ጸሐፊዎቻችን ልማድ የራቀ አይደለም። በብራና ላይ በጥቁር ቀለም የሚጽፈው ሊቅ የተከበረውን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፍ ብርዑን አንሥቶ፣ ልቡን ሰብስቦ ነው። የጽሕፈት መኪናም ቢሆን ላዩ ጥቁር፣ ታቹ ቀይ የሆነ ባለ ሁለት ቀለም ሪባን ነበረው።

በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚመታው ሰው ደግሞ ሌላ አደራ ነበረበት። ከቦኬ ገጠር ስለ መሬቱ ወሰን ሊከስ የመጣን አንድ ገበሬ እናስብ። ገበሬው ጉዳዩን በኦሮምኛ ይናገራል፤ ጸሐፊውም ሰምቶ፣ በዚያን ዘመን የመንግሥት ሥራ ቋንቋ ወደ ነበረው ወደ አማርኛ መልሶ ይመታለታል። የወሰኑ ድንጋይ «በምሥራቅ» መባሉ ቀርቶ «በምዕራብ» ቢባል መሬቱ ሊሄድበት ይችላል። ማንበብ የማይችለው ባለ ጉዳይ ጽሑፉ ተመልሶ ሲነበብለት ሰምቶ፣ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ይፈርማል። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ የአካባቢያችን ባለ ጉዳይ በገዛ ቋንቋው ለመጻፍና ለመዳኘት በቅቷል፤ ይህም መልካም ነው። የታማኙ ጸሐፊ ምሳሌነት ግን በማናቸውም ቋንቋ ቢሆን አያረጅም፤ የሰውን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ በወረቀት ላይ ማኖር የሙያ ብቻ ሳይሆን የሕሊና ሥራ ነውና።

አሁን ወደ ፊደላችን ነገር እንመለስ። በአሜሪካ በሬሚንግተን ፋብሪካ የተሠራው የጽሕፈት መኪና እ.ኤ.አ. በ1874 ለሽያጭ ሲወጣ የታሰበው 26 ፊደላት ላሉት ጽሑፍ ነበር። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ ሰባት ሰባት ጊዜ ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩም ቍጥሩ ከዚህ ያልፋል። የተለመደው መኪና ቁልፎቹ ከ50 አይበልጡም፤ አንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ ከ100 በላይ አይሆንም። ሰፊ ቤተ ሰብ በአንዲት ጠባብ ጎጆ እንዴት ይደር? ጭንቁ ይህ ነበር።

ይህን ጭንቅ ለመፍታት ከደከሙት መካከል የኢንጂነር አያና ብሩ ስም በቀዳሚነት ይነሣል፤ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ለማስገኘት የደከሙ ኢትዮጵያዊ ናቸውና። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1908 በኢጣልያ የተቋቋመው የኦሊቬቲ ኩባንያ መኪናዎች በየቢሮአችን ገቡ። መፍትሔውም ፊደልን ከፍሎ መቀጠል ነበር። «በ» ከተመታ በኋላ በጎኑ ቅጥያ ሲጨመርለት «ቡ»፣ ቅጥያው በእግሩ ሲሆን «ቢ»፣ ቀለበት ሲደረግለት «ቤ» ይሆናል። እንዲህ የተሠራው ፊደል አንዳንድ ጊዜ እግሩ ከገላው ተነጥሎ ይታይ ነበር፤ መልኩም ከብራናው ፊደል ውበት ያንሳል። ቢሆንም ጸሐፊዎቹ ለእያንዳንዱ ፊደል እግሩንና ቀለበቱን ለመስጠት ሳይታክቱ ይመቱ ነበር።

ከዚህም የተነሣ ሌላ ክርክር መጣ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከምሁራን መካከል ፊደላችን ለማተሚያና ለጽሕፈት መኪና እንዲመች ይሻሻል፣ ይቀነስም የሚሉ ነበሩ። አሳባቸው ትምህርትን ከማስፋፋት ምኞት የመጣ ስለ ነበረ ልንነቅፋቸው አይገባም። ነገር ግን ድምፃቸው አንድ ነው ተብለው ሊቀነሱ የታሰቡት ፊደላት ምሥጢር አላቸው። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። በንጉሡ «ሠ» ፋንታ እሳቱን «ሰ» የጻፈ ተማሪ ፀሐይን ሌባ ያደርጋታል!

ክርክሩ ሳይፈጸም ግን ዘመን ተለወጠ። ኮምፒዩተር መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ በኮምፒዩተር በአንድ ሥርዐት እንዲታወቁ በተዘጋጀው በዩኒኮድ ውስጥ ፊደላችን ከነዲቃሎቹና ከነአኃዙ ቦታውን አገኘ። መኪናው እንዳይከብደው ይቀነስ የተባለው ፊደል ሳይቀነስ መኪናው አለፈ። ከዚህ የምንማረው፣ ጫማ ጠበበ ተብሎ እግር እንደማይቈረጥ ነው። መሣሪያ በዘመን ይለዋወጣል፤ ቅርስ ግን አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ተመልሶ አይበቅልም።

ውድ አንባቢዎቻችን፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው። መኪናው ፊደል ባነሰው ጊዜ አባቶቻችን ቀጥለው፣ ጠግነው በፊደላቸው ጻፉ። ዛሬ ልጆቻችን በኪሳቸው በያዙት ስልክ ውስጥ ፊደሉ ሁሉ ሞልቶ ሳለ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። እንዲህ የተጻፈ ቃል ትርጉሙ ይደባለቃል። «ልጁ ጠፋ» እና «ልጁ ተፋ» በላቲን ፊደል ሲጻፉ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ የጠፋው ልጅና ምራቁን የተፋው ልጅ በምን ይለያሉ? በዚህ ዓይነት ያደገ ልጅ የአያቱን ደብዳቤ ማንበብ ያቅተዋል፤ ዳዊቱንም ሲገልጥ እንግዳ ይሆንበታል።

ስለዚህ ወላጆች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን። አንደኛ፣ በልጆቻችሁ ስልክ የአማርኛው ፊደል መጻፊያ መኖሩን ተመልከቱ፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ለአያቶቻቸው ወይም በሩቅ ላሉ ዘመዶቻቸው በፊደል አንድ መልእክት ይጻፉ። መልእክቱን ከመላካቸው በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ያን ጊዜ የማመልከቻ ጸሐፊውን ጥንቃቄ ይማራሉ። ሁለተኛ፣ በየሣጥኑ የተቀመጡትን የካርቦን ቅጂዎች፣ የመሬት ወረቀቶች፣ የሹመትና የዝውውር ደብዳቤዎች ፀሐይና እርጥበት በማያገኛቸው ቦታ አስቀምጡ፤ የማን እንደ ሆኑም በንጹሕ ፖስታ ላይ ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩ። የካርቦን ቀለም በማያያዣ ብረት ዝገትና በሰው ላብ ይበላሻልና ብረቱን አውጡ፤ ወረቀቱንም በንጹሕ እጅ ያዙ።

አሮጌው መኪና ያለበትም ቤት አይጣለው። በበዓል ቀን ጨርቁን ገልጦ ልጁን ከፊቱ ያስቀምጥና ስሙን እንዲመታ ይፍቀድለት። ሪባን ባይኖር እንኳ በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን ቢገባ ፊደሉ በታችኛው ወረቀት ላይ ይወጣል። ልጁ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ጣቱ ሲደክም፣ ለፊደል መድከም ምን እንደ ነበረ ያለ ሰባኪ ይረዳዋል።